በዐሥር የን የተከራየ መጽሐፍ፦ ስለ ጃፓን የሰፈር ማንጋ ማከራያ ቤቶች መክሰም

ስለ አንድ የኪነ ጥበብ ሥራ ስንጽፍ ዘወትር የምናነሣቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ደራሲው፣ ሥራውና ዘመኑ። ሥራው ከደራሲው እጅ ወጥቶ ከአንባቢው እጅ እስኪገባ ድረስ ያለፈበት ደጃፍ ግን ከሒስ ውጪ ሆኖ ይቀራል። የመጽሐፍ መደብሩ፣ የኪራዩ ሱቅ፣ የሰፈሩ መደርደሪያ የነጋዴ ጉዳይ እንጂ የሐያሲ ጉዳይ አይመስሉንም። ይህ ጽሑፍ ያን ልማድ በአንድ ምሳሌ ለመፈተን ይሞክራል። ምሳሌው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጃፓን ከተሞች በየመንደሩ የነበሩት፣ በአገሩ ቋንቋ ‹‹ካሺሆንያ›› የሚባሉት የመጽሐፍ ማከራያ ቤቶች ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እነዚህ ቤቶች በ1950ዎቹ አብበው በ1960ዎቹ መጨረሻ አብዛኞቹ ተዘግተዋል። በቤቶቹ መደርደሪያ ያደገው ሥዕላዊ ትረካ፣ ማንጋ፣ ግን አልጠፋም፤ እንዲያውም ከጃፓን አልፎ ዓለምን አዳርሷል። ስለዚህ አንድ ሰው ‹‹ጥበቡ ከዳነ፣ ሱቁ ቢዘጋ ምን ይጎዳል?›› ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። የዚህ ጽሑፍ መልስ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ከሱቁ ጋር የተዘጋው የመጽሐፍ መሸጫ ቦታ ብቻ አልነበረም። ድኻው አንባቢ መጽሐፉን በእጁ ወስዶ በእጁ ሲመልስ ፍርዱንም አብሮ የሚመልስበት ግንኙነት ነበር። የሥራዎቹ ቅርጽና ይዘት የተወለዱትም ከዚሁ ግንኙነት ነው።

፩. ቤቱና ደንበኛው

ማንጋ በተከታታይ ሥዕልና በአጭር ንግግር የሚተረክ ታሪክ ነው። ለአገራችን ተመልካች ነገሩ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ በተደረደሩ አራት ማዕዘን ክፍሎች፣ ብዙ ጊዜም በ44 ሥዕሎች፣ ከላይ ወደ ታች ሲተረክ ያላየ ጥቂት ነው። ልዩነቱ የእኛው ሥዕል ከግድግዳ ላይ ሲሰቀል፣ ማንጋው ገጽ እየተገለጠ መነበቡ ነው።

ጦርነቱ በ1945 ሲያበቃ የጃፓን ከተሞች ፈራርሰው ነበር። ወረቀት ብርቅ፣ መጽሐፍም ለተራው ሰው ውድ ነበር። በዚህ ጊዜ ጥቂት ገንዘብ የቋጠረ ሰው፣ ብዙውን ጊዜም ከመኖሪያ ቤቱ የፊት ክፍል በስተቀር ሌላ ሱቅ የሌለው፣ መደርደሪያ አቁሞ መጽሐፍ ማከራየት ጀመረ። አንዳንዱ ከከረሜላው ጎን፣ አንዳንዱ ከልብስ ስፌቱ ጎን ያከራይ ነበር። ቀድሞ የነበሩት አከራዮች ከተከራዩ የመያዣ ገንዘብ ይጠይቁ ነበር። መያዣውን ያስቀረው አሠራር በ1940ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከቆቤ ከተማ ተነሥቶ ወደ ሌሎቹ ከተሞች ተዛመተ። ይህ ከንግድ ዘዴ የሚያልፍ ለውጥ ነበር። መያዣ የማይጠየቅ ተከራይ የሚታመነው በስሙና በሰፈሩ ነው፤ አከራዩም ደንበኛውን በመልኩ፣ በቤተሰቡና በሥራው ማወቅ ይኖርበታል።

ኪራዩ በ1950ዎቹ አብዛኛውን ጊዜ 10 የን ገደማ ነበር። የቤቶቹም ቁጥር በዐሥርቱ ዓመታት አጋማሽ ላይ በመላው አገሪቱ 30,000 ገደማ እንደ ደረሰ ይገመታል። ደንበኞቹ ሕፃናት ብቻ አልነበሩም። መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃን እንደ ጨረሱ በዐሥራ አምስት ዓመታቸው ከገጠር ተነሥተው ወደ ከተማ የመጡ፣ በትናንሽ ፋብሪካዎችና በሱቆች ተቀጥረው በአሠሪዎቻቸው ቤት የሚያድሩ ወጣት ሠራተኞች ከሁነኞቹ አንባቢዎች መካከል ነበሩ። ለእነዚህ ወጣቶች ማታ ከሥራ በኋላ የሚደረስበት፣ ስማቸው የሚታወቅበትና በኪሳቸው ባለው ሳንቲም የሚስተናገዱበት ቤት ይኸው ነበር።

መጻሕፍቱ ለእነዚህ ቤቶች ተብለው የሚታተሙ ነበሩ። አሳታሚዎቹ ትናንሽ፣ የኅትመቱም ብዛት ጥቂት ሺህ ቅጂ ብቻ ነበር። ሽፋኑ ጠንካራ ነው፤ ምክንያቱም አንዱ ቅጂ ወረቀቱ እስኪበሰብስ ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራልና። በዚህ የተነሣ የታተመው ቅጂ ቁጥር የአንባቢውን ቁጥር አይናገርም።

፪. ቤቱ የወለደው ቅርጽ

ሐያሲውን ይበልጥ የሚመለከተው ነጥብ እዚህ ላይ ይጀምራል። በዚያ ዘመን በትልልቆቹ የሕፃናት መጽሔቶች የሚወጣው ማንጋ በጥቂት ገጽ ተወስኖ ለወር የሚቋረጥ ነበር። የኪራይ መጽሐፍ ግን ለአንድ ሌሊት የሚወሰድ ነው። አንባቢው ነገ ይመልሰዋል፤ ስለዚህ ታሪኩ በአመዛኙ በአንድ ጥራዝ ውስጥ፣ በመቶ ሃያና በመቶ ሠላሳ ገጽ ገደማ፣ ተጀምሮ ማለቅ ነበረበት። ይህ ግዴታ ለሠዓሊዎቹ ያልተጠበቀ ነጻነት ሰጣቸው። ዝምታን ለመሣል ገጽ አገኙ። አንድ ሰው በሌሊት መንገድ ሲሄድ፣ ዝናብ ሲጥል፣ በር ሲከፈት፣ ምንም ንግግር ሳይኖር ሦስት አራት ክፍል መሙላት ተቻለ።

የኦሳካው ታትሱሚ ዮሺሂሮ በ1956 ያወጣው ‹‹ጥቁር የበረዶ ዐውሎ›› ለዚህ ጥሩ አብነት ነው። ታትሱሚ ያን ጊዜ የ21 ዓመት ወጣት ነበር፤ መጽሐፉንም በ20 ቀን እንደ ሠራው ተናግሯል። በነፍስ ግድያ የተያዘ አንድ ወጣት የፒያኖ ተጫዋችና አንድ ዕድሜውን በወንጀል ያሳለፈ ሰው በአንድ ካቴና ታስረው በባቡር ወደ ወህኒ ይወሰዳሉ። የበረዶ ናዳ ባቡሩን ከሐዲዱ ያወጣዋል፤ አሮጌው ወንጀለኛ ሲሸሽ ወጣቱን እየጎተተ ይወስደዋል። ሁለቱ በአንድ ባዶ ቤት ውስጥ እሳት አንድደው ሲቀመጡ ወጣቱ ወደዚያ ያደረሰውን የፍቅር ታሪክ ይተርካል። ሴራው ከርካሽ የወንጀል ልብ ወለድ የተወሰደ ሊመስል ይችላል። ሥዕሉ ግን ሌላ ነገር ይሠራል። የበረዶው ሰያፍ መስመር ክፍሉን ሁሉ እየሰነጠቀ ሲያልፍ፣ ሁለቱ ሰዎች እያነሱ ነጩ ወረቀት እየሰፋ ሲሄድ፣ አንባቢው ብርዱን ከቃል ሳይሆን ከገጹ ይቀበላል። ተውኔት የሚጽፍ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ሁለት ተዋናይ፣ አንድ ሰንሰለትና አንድ እሳት ለአንድ ሙሉ ገቢር ይበቃሉ።

ታትሱሚ በ1957 ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ‹‹ጌኪጋ››፣ ማለትም ‹‹ድራማዊ ሥዕል››፣ የሚል ስም አወጣለት። ‹‹ማንጋ›› የሚለው ቃል ቀልድና ጨዋታ ያለበት ስለ ነበር ለሕፃናት ከሚቀርበው መለየት ፈለገ። በ1959 እርሱና ሰባት ጓደኞቹ የጌኪጋ ማኅበር መሥርተው ዓላማቸውን በጽሑፍ ለጋዜጦችና ለታዋቂ ሠዓሊዎች በትነዋል። ማኅበሩ ከሁለት ዓመት በላይ አልዘለቀም። ቢሆንም አንድ ቁም ነገር አረጋገጠ፤ ይኸውም የሰፈሩ አንባቢ ከሕፃንነት ወጥቶ ጎልማሳ መሆኑንና ለዚያ ዕድሜ የሚመጥን ሥራ የሚሻ መሆኑን ነው።

ሺራቶ ሳንፔ ከ1959 እስከ 1962 ለኪራይ ቤቶች ያዘጋጀው ‹‹የኒንጃ የጦር ጥበብ ዜና መዋዕል›› ይህን ዝንባሌ ከጫፍ አደረሰው። ሺራቶ የአብዮታዊ ሠዓሊ ልጅ ነበር። ታሪኩ የተቀመጠው በ16ኛው መቶ ዓመት፣ መሳፍንት እርስ በርስ በሚዋጉበትና ገበሬው በሚያምፅበት ጊዜ ነው። ዋናው ሰው ካጌማሩ ተሰየፈ በተባለ ቁጥር እንደገና ይታያል። ደራሲው ይህን የድብቅ ተዋጊዎች ብልሃት አድርጎ ቢያቀርበውም፣ ያመፀ ሕዝብ አንድ መሪ ስለ ተገደለበት አያልቅም የሚለውን አሳብ ያዘለ ነው። በፋብሪካው ወጣት እጅ የነበረው ይህ መጽሐፍ ብዙም ሳይቆይ በ1960ው ሰላማዊ ሰልፍ ትውልድ፣ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ እጅ ገባ። የፊልም አዘጋጁ ኦሺማ ናጊሳ በ1967 የሺራቶን ሥዕሎች ራሳቸውን በካሜራ ቀርጾ ፊልም አድርጎ አቀረባቸው። ስለዚህ በጊዜው እንደ ተራ ነገር የሚታየው የሰፈር መደርደሪያ ለአገሪቱ ሲኒማ አንድ ሥራ አበረከተ ለማለት ይቻላል።

ሠሪና አንባቢም እጅግ የተራራቁ አልነበሩም። በኋላ ስመ ጥር የሆነው ትሱጌ ዮሺሃሩ ብረት በሚለበጥበት ፋብሪካ የሠራ ልጅ ነበር፤ ለኪራይ ቤቶች መሣል የጀመረውም በአሥራዎቹ ዕድሜው ነው። በጥራዞቹ መጨረሻ የአንባቢዎች ደብዳቤና የጀማሪዎች ሥዕል የሚወጣባቸው ገጾች ነበሩ። ዛሬ የተከራየው ነገ ልኮ የሚያሳትምበት ዕድል ነበረው።

፫. ያልነበረን ገነት አንመኝ

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ቤቶቹን ከሚገባቸው በላይ ማድነቅ ስሕተት ይሆናል። ከመደርደሪያው ላይ አብዛኛው በችኮላ የተሠራ፣ አንዱ የሌላውን የሚገለብጥ፣ ደምና ድንጋጤ የሚቸረችር ነበር። በ1955 በመላው አገሪቱ ‹‹መጥፎ መጻሕፍት ይወገዱ›› የሚል ዘመቻ ተነሥቶ፣ የወላጆችና የመምህራን ማኅበራት ማንጋን ሰብስበው እስከ ማቃጠል ደረሱ። ወላጆች የፈሩት ይዘቱን ብቻ አልነበረም። በብዙ እጅ ያለፈ መጽሐፍ በሽታ ያመጣል የሚል ሥጋትም ነበራቸው። ማቃጠሉን ዛሬ ማንም አይደግፈውም፤ የወላጆቹን ጭንቀት ግን ፈጠራ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

የሠዓሊው ኑሮም የከፋ ነበር። ሠዓሊው ለአንድ መጽሐፍ አንድ ጊዜ ይከፈለዋል። መጽሐፉ ከመቶ ሰው እጅ ቢገባም ከአከራዩ ገቢ አንድም የን አይደርሰውም። ሚዙኪ ሺጌሩ በጦርነቱ ጊዜ በኒው ብሪተን ደሴት ግራ እጁን ያጣ ሰው ነበር። በአንድ እጁ እየሣለ በመጀመሪያ ለ‹‹ካሚሺባይ››፣ ማለትም ተራኪው በብስክሌት እየዞረ ሥዕል እያሳየ ለሚተርክበትና ለልጆች ከረሜላ እየሸጠ ለሚኖርበት የወረቀት ቴያትር፣ ይሠራ ነበር። ያ ሲዳከም በ1958 ወደ ኪራይ መጻሕፍት ተሻገረ። የመቃብር ሥፍራ ልጅ የሆነውን የኪታሮን ታሪክ ለኪራይ ቤቶች የሣለው ከ1960 ጀምሮ ነው። በእነዚያ ዓመታት የኖረው በችጋር ነበር፤ አሳታሚ ሲከስር ድካሙ ሳይከፈለው የቀረበትም ጊዜ አለ። እንግዲህ ለአንባቢው በ10 የን የተከፈተው በር በከፊል የተከፈተው በሠዓሊው ረኃብ ነው። ይህን ያልጠቀሰ ሐዘን ሐቀኛ ሐዘን አይሆንም።

፬. አወዳደቁ

ቤቶቹን ማን ዘጋቸው? የተለመደው መልስ ‹‹ቴሌቪዥን›› ነው። መልሱ እውነት አለው። በጃፓን ለቴሌቪዥን ግብር የሚከፍለው ቤተሰብ በ1958 1 ሚሊዮን ነበር፤ በ1962 ግን 10 ሚሊዮን አለፈ። በኦክቶበር 21 ቀን 1964 የእኛው አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ጎዳና ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያሸንፍ የጃፓን ሕዝብ ሩጫውን ከመስኮቱ ፊት ተቀምጦ ተከታትሎታል። ሕዝቡ በየሰፈሩ ከመሰብሰብ ይልቅ በየቤቱ መቀመጥ መጀመሩን ከዚያ የበለጠ የሚያሳይ ሥዕል ማግኘት ያስቸግራል።

ነገር ግን ቴሌቪዥን ብቻውን አልሠራውም። ማርች 17 ቀን 1959 ሁለት ትልልቅ አሳታሚ ድርጅቶች በአንድ ቀን ሁለት ሳምንታዊ የማንጋ መጽሔቶች አወጡ። ዋጋቸው አንዱ 30፣ ሌላው 40 የን ነበር። ደመወዝ እያደገ ሲሄድ ትናንት 10 የን ለኪራይ የሚከፍለው ወጣት ዛሬ በ30 የን የራሱን መግዛት ቻለ። ሳምንታዊ መጽሔት ይነበባል፤ ይጣላል፤ የሚመለስበት ቤት አያሻውም። ጥቂት ሺህ ቅጂ የሚያትመው የሰፈር አሳታሚ በመቶ ሺህ ከሚያትመው ድርጅት ጋር በዋጋም፣ በክፍያም፣ በማስታወቂያም ሊወዳደር አልቻለም። ማከራያ ቤቱ ሲዘጋ አሳታሚው ገዢ ያጣል፤ አሳታሚው ሲከስር የቀረው ቤት አዲስ መጽሐፍ ያጣል። ሁለቱ ተያይዘው ወደቁ።

ሠዓሊዎቹስ? የሚችሉት ወጡ። በሺራቶ የኪራይ መጻሕፍት አሳታሚነት የሚታወቀው ናጋይ ካትሱኢቺ በ1964 ‹‹ጋሮ›› የሚባል ወርኃዊ መጽሔት መሠረተ፤ ሺራቶም ሌላውን ታላቅ ሥራውን፣ ‹‹የካሙይን ታሪክ››፣ በዚያው መጽሔት ጀመረ። ‹‹ጋሮ›› ከኪራይ ቤቶች ፍርስራሽ የተረፈ ምሰሶ ነበር ለማለት ይቻላል። ሚዙኪም በ1965 ወደ አንዱ ትልቅ ሳምንታዊ ድርጅት ተጋበዘ። እዚያ ሽልማት ያስገኘለት ሥራ ወደ ቴሌቪዥን መስኮት ውስጥ መግባት የሚችል ልጅ ታሪክ መሆኑ ልብ ይሏል። ከሦስት ዓመት በኋላ ኪታሮ ራሱ የቴሌቪዥን ፊልም ሆነ። በ2010 ደግሞ የአገሪቱ የሕዝብ ቴሌቪዥን የሚዙኪንና የባለቤቱን የድኽነት ዘመን የሚያሳይ ተከታታይ ድራማ አቀረበ። የኪራይ ቤቶቹን ደንበኛ የወሰደው ቴሌቪዥን ከግማሽ መቶ ዓመት በኋላ ትዝታቸውንም ተራኪ ሆነ።

፭. ምን ጠፋ?

ጃፓናዊው ፈላስፋ ትሱሩሚ ሹንሱኬ በ1967 ባሳተመው ስለ ‹‹ዳርቻ ጥበብ›› በሚናገረው መጽሐፉ ጥበብን በሦስት ይከፍለዋል። አንደኛው ባለሙያ ለባለሙያ የሚሠራው ነው፤ ሁለተኛው ባለሙያ ከድርጅት ጋር ሆኖ ለብዙኀኑ የሚሠራው ነው፤ ሦስተኛው ባለሙያ ያልሆነ ሰው ባለሙያ ላልሆነ ሰው የሚሠራው፣ በሥራና በጨዋታ መካከል የሚገኘው ነው። አከፋፈሉ ለእኛም ይጠቅማል። በእኔ አስተያየት የኪራይ ቤቱ ማንጋ የቆመው በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ነበር። ሠሪው ገንዘብ ይከፈለዋል፤ ነገር ግን ትናንት አንባቢ ነበር። አንባቢው ገንዘብ ይከፍላል፤ ነገር ግን ነገ ሠሪ ሊሆን ይችላል። በመካከላቸው ያለው አከራይ የሁለቱንም ቋንቋ ያውቃል። ወደ ጅምላ ሻጩ ሄዶ አዲስ ጥራዝ ሲመርጥ የሰፈሩን ልጆች ስም እያሰበ ነው።

ይህ መካከለኛ ቦታ በማንጋ የኋላ ታሪክ እየጠበበ ሄዷል። ከትልልቆቹ ሳምንታዊ መጽሔቶች አንዱ በ1990ዎቹ አጋማሽ በአንድ እትም 6.53 ሚሊዮን ቅጂ ደርሷል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ኅትመቱ ቀንሷል። በ2019 የኤሌክትሮኒክ ማንጋ ሽያጭ በጃፓን የወረቀቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በለጠ። ዛሬ አንባቢው በስልኩ ላይ ያነባል። ምን እንዳነበበ፣ የት ላይ እንዳቆመ በቁጥር ይመዘገባል። አሳታሚው ስለ አንባቢው የሚያውቀው ከቀድሞው አከራይ ይበልጣል እንዳይባል ግን ልዩነት አለ። አከራዩ የሚያውቀው ልጅ ‹‹መጨረሻው አልተዋጠልኝም›› ብሎ ሊከራከረው የሚችል ልጅ ነበር። ቁጥሩ የሚነግረን ልጁ ማንበብ ማቆሙን ነው፤ ለምን እንዳቆመ ልጁ የሚናገርበትን ደጃፍ ግን አይሰጠውም።

ሌላውም ጉዳት ይኸው ነው። መጽሐፉን ገዝቶ የሚጥል አንባቢ ከቀጣዩ አንባቢ ጋር አይገናኝም። የኪራይ መጽሐፍ ግን የቀደመውን ሰው ጣት፣ የሻይ ጠብታ፣ አንዳንዴም በኅዳግ የተጫረ አስተያየት ይዞ ይመጣል። ብቻውን በባዕድ ከተማ የሚያድር የዐሥራ አምስት ዓመት ሠራተኛ ያን ሲያይ ሌላም እንደ እርሱ ያለ ሰው ይህን ገጽ አምሽቶ እንዳነበበ ያውቃል። ይህ በኪነ ጥበብ ታሪክ መጻሕፍት የማይመዘገብ፣ ሆኖም ጥበብ ለሰው ከምታደርገው ሁሉ ትንሹ ያልሆነ ነገር ነው።

፮. ወደ ደጃችን

የሩቁን አገር ነገር ያነሣነው የቅርቡን ለማየት ነው። በልጅነቴ በሰፈራችን ልብ ወለድ የሚያከራይ አንድ ትንሽ ሱቅ ነበር። መጻሕፍቱ በላስቲክ ተለብጠው በገመድ ላይ ይሰቀሉ ነበር። በአንድ ወቅት የተከራየሁት መጽሐፍ የመጨረሻዎቹ ገጾች ተገንጥለው ጠብቀውኛል። ተቆጥቼ ስመልሰው ባለ ሱቁ ይቅርታ አልጠየቀም፤ በርጩማ ሳበልኝና መጨረሻውን ከራሱ ተረከልኝ። ከዓመታት በኋላ ሙሉውን ቅጂ አግኝቼ ሳነበው የእርሱ መጨረሻ ከደራሲው ጋር አንድ አልነበረም። ባለ ሱቁ ጨምሮበታል፤ ሁለት ሰዎችንም ከሞት አድኗል። ተውኔት መጻፍ የጀመርኩት ከየት ነው ተብዬ ስጠየቅ የዩኒቨርሲቲ መምህራኖቼን እጠራለሁ። ያን በርጩማ አለመጥራቴ ግን በደል ነው።

ያ ሱቅ ዛሬ የለም። በአራት ኪሎ አካባቢ ሰው ዳር ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ በኪራይ የሚያነብበትና ከጎኑ ካለው ጋር የሚከራከርበት ልማድም እንደ ድሮው አይደለም። ተዘጋ ብሎ ማልቀስ የሐያሲ ሥራ አይደለም፤ የኑሮ ለውጥ በልቅሶ አይመለስም። ነገር ግን ጃፓኖቹ ቢያንስ አንድ ነገር አድርገዋል። ከኪራይ ቤቶቹ የተረፉትን ያረጁ ጥራዞች ሰብስበው፣ ማን እንደ ሣላቸው፣ ማን እንዳተማቸው፣ ማን እንዳነበባቸው መርምረዋል። ታትሱሚም ያን ዘመን በእርጅናው ራሱ በሥዕል ተርኮ ትቶልናል። እኛ የትኛው ልብ ወለድ በየትኛው ሰፈር ስንት ጊዜ እንደ ተከራየ፣ አከራዮቹ እነማን እንደ ነበሩ፣ በመጻሕፍቱ ኅዳግ ምን እንደ ተጻፈ የጻፍነው ምን ያህል ነው?

ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ አሮጌ አከራዮች ቤት ቢልኩ፣ የባህል ባልደረቦች የተረፉትን በላስቲክ የተለበጡ ቅጂዎች ቢያሰባስቡ፣ ሥራው ከባድ አይደለም፤ ዛሬ ከተጀመረ የሚጠየቁት ሰዎች ገና በሕይወት አሉ። ደራስያንና ሠዓልያን ደግሞ ራሳችንን የምንጠይቀው ሌላ ጥያቄ አለ። ሥራችን ስንት ቅጂ እንደ ተሸጠ ወይም ስንት ሰው በስልኩ እንዳየው እናውቃለን። አንብቦ ሲጨርስ ወደ እኛ ተመልሶ ‹‹መጨረሻው አልተዋጠልኝም›› የሚለን ሰው ግን በየትኛው ደጃፍ በኩል ይመጣል?